ዓይኑ የተፋቀ ጽጌረዳ

የላይ ቤቱ ሽማግሌ የሸክላ ሠሪውን ደጃፍ ከመርገጣቸው በፊት ግራና ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ አሉ። ከታች ቤት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት መገጣጠም አልፈለጉም። ገና አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ግን፣ በአበባ ማሰሮዎቹ መካከል ጎንበስ ብላ ዋጋ የምትከራከር ወጣት ቀና ስትል የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች።

«ጋሼ! እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ደህና አልነበረም።

ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት የችግኝ መሸጫዎች ናቸው። የልጅቱ አያት መጀመሪያ ችግኝ በእጅ ጋሪ እየገፉ ይሸጡ ነበር። ኋላ ከመንገዱ ዳር ቦታ ያዙ፤ ሚስታቸውም በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ አበባ እየተከሉ ደጁን አሳመሩት። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በውሃ ባልዲና በፍግ መካከል አደጉ። የቤቱን ስም ያስጠራው ግን አያትየው ራሳቸው አዳቅለው ያወጡት፣ ሙሽሮች የሚሻሙበት ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ ነው። እሳቸው ሲሞቱ ትልቁ ልጅ፣ የዛሬው ሽማግሌ፣ ግቢውንና እናት ተክሉን ወረሱ፤ ታናሹ ቁልቁል ወርዶ ከባዶ ጀመረ።

ያ ጽጌረዳ ከላይ ቤት በሕይወት ወጥቶ አያውቅም። አበባው ሲሸጥ ሽማግሌው በግንዱ ላይ ያሉትን ዓይኖች፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚፈነዳባቸውን ጥቃቅን ጉጦች፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንድ በአንድ ይፍቃሉ። ዓይን የሌለው ግንድ ቢተክሉት አያቆጠቁጥም። ይህ በቤቱ ቋንቋ «ማሳወር» ይባል ነበር። «ታውሯል?» ይላሉ ሚስታቸው፤ «ታውሯል» ይላሉ እሳቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ለገዢ የሚሰጠው።

ታናሽ ወንድማቸው በበኩሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኞቹን ሰብስቦ አበባን እንዴት ቆርጠው እንደሚያባዙ በነጻ ያስተምራል። ሽማግሌው ይህን የሰሙ ዕለት «በገዛ እጁ ገበያውን ዘጋ!» ብለው ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። ገበያው ግን አልተዘጋም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰው በላይ ቤት በር እያለፈ ወደ ታች ይጎርፋል፤ ሲመለስም ማሰሮ ታቅፎ ነው። እሳቸው በበሩ ስንጥቅ እያዩ አንጀታቸው ያርራል። ቅናት ክፉ በሽታ ነው፤ ሌላውን በሽታ ታማሚው ለሐኪም ይናገረዋል፣ ይህንን ግን ከገዛ ራሱ እንኳ ይደብቀዋል።

«ለአንድ ወዳጄ የምጠይቅሽ ነገር ነበረኝ» አሏት። «ጽጌረዳው ቅጠሉ ቢጫ ሆነበት፤ አሁን ደግሞ መድረቅ ጀመረ። ስለ ተክል ተምረሻል ሲሉ ሰምቻለሁና ምን ይመስልሻል?»

«የወዳጅዎ ጽጌረዳ ጥቁር ቀይ ነው?»

ሽማግሌው አንድ ማሰሮ አነሡና ቂጡን መመርመር ጀመሩ። «ቀለሙ ምን ያደርግልሻል?»

«ላየው ይፍቀዱልኝ፣ ጋሼ።»

«አባትሽ ነው የላከሽ!»

«አባቴ የላከኝ ማሰሮ ግዢ ብሎ ነው።»

ሸክላ ሠሪው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባትሽ የአባቱን ሙያ በየመንገዱ ይበትናል» አሉ ሽማግሌው በቁጣ። «ሁሉም በየጓሮው ካበቀለ ነገ ማን ይገዛዋል?»

«ጋሼ፣ በትሕትና ልጠይቅዎ። ያስተማራቸው ሰዎች ቀሩ እንዴ? ማባዛት የቻለ ሰው አፈር ያስፈልገዋል፣ ማሰሮ ያስፈልገዋል፣ ደግሞ ሌላ ዓይነት አበባ ያምረዋል። ተመልሶ የማይመጣው አበባ የሞተበት ሰው ነው። እሱ ‹እጄ ለተክል አይሆንም› ብሎ እስከ ወዲያኛው ይተወዋል።»

«አፍሽ እንደ አባትሽ ነው።»

«ይሁን። የእርስዎ ጽጌረዳ ከሞተስ ምን ሊደብቁ ነው?»

ሽማግሌው ማሰሮውን አስቀመጡና «ነይ» ብለው ቀደሙ።

ግቢው ሲደርሱ ልጅቱ ከእናት ተክሉ ሥር አፈሩን በጣቷ ጫረች። ሥሩ ጠቁሯል፤ ይሸታልም።

«በስብሷል፣ ጋሼ። አፈሩም ታሟል፤ ጽጌረዳ እዚህ ግቢ ዳግመኛ አይተከልም። ግን በአጥሩ በኩል አንድ ቅርንጫፍ ገና አረንጓዴ ነው። ቆርጠን እኛ ጋ እንትከለው።»

«እናንተ ጋ? ለእሱ ከምሰጠው እዚሁ ይድረቅ!»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ፤ ነገር ግን አልመለሱትም። ልጅቱ ቅርንጫፉን ወደ ራሷ ሳበችና ከጫፍ እስከ ግርጌ በጣቷ ዳበሰችው።

«ጋሼ… ዓይኖቹ የታሉ?»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። ቅርንጫፉ ከአጥሩ አልፎ ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነበር። የታች ቤት ደንበኞች ሲያልፉ ቀንጥሰው እንዳይወስዱት በማለት በየጠዋቱ እየወጡ ሲፍቁት ከርመዋል።

«እኔ ነኝ ያሳወርኩት» አሉ። «ወንድሜ እንዳያገኘው ብዬ ነው። ይኸው እኔም አጣሁት።»

በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ልጅቱ ግን መፈለጓን አልተወችም። ተንበርክካ እሾሁ እጇን እየቧጨራት ከግርጌው ፈለገች፣ ፈለገች።

«አንድ አለ! እሾሁ በዝቶ ጥፍርዎ ያልደረሰበት ቦታ ላይ አንድ ዓይን ቀርቷል።»

ሽማግሌው ዕንባቸውን ጠርገው መቀሱን ከኪሳቸው አወጡ። ራሳቸው ቆረጡት፤ በእርጥብ ጨርቅም ጠቀለሉት። «ይስጡኝ፣ እኔ ልያዘው» ብትላቸው እንቢ አሉ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና የታች ቤት ግቢ በሰው ተሞልቷል። ታናሽየው ወንድሙን በር ላይ ሲያይ በእጁ የያዘውን ችግኝ አስቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ! ምን ገጠመህ?»

«የአባታችን ጽጌረዳ እየሞተ ነው» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የገደልኩትም እኔ ነኝ። ይህችን ትከልልኝ።»

«እኔማ አልተክላትም። አባባ ጽጌረዳ ያስተማረው አንተን ነው። እነዚህ ሰዎች እያዩ አንተ ትከላት፤ እኔም ልይ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው፣ ኋላ ግን ጉሮሯቸው እየተከፈተ፣ የአፈሩን ልክ፣ የአቆራረጡን ዘዴ፣ የውሃውን መጠን አስረዱ። ዓይኑ ወደ ላይ እንዲያይ አድርገውም ተከሉት።

ያች አንድ ዓይን ፈነዳች፤ ተባዝታም ለየቤቱ ተዳረሰች። አሁን የአንዱ ጽጌረዳ ቢደርቅ ከጎረቤት ይተካል፤ ስለዚህ የአያትየው አበባ በአንድ ግቢ በሽታ የሚጠፋ መሆኑ ቀርቷል። ላይ ቤትም በታመመው አፈር ምትክ ደህና አፈር አስመጥቶ፣ የፍራፍሬ ችግኝና ማሰሮ ጨምሮ ይሸጣል። ቅዳሜ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ሽቅብ ሲመለስ ሽማግሌው ዘንድ ጎራ ይላል።

ቅናቱ ግን ጨርሶ ለቀቃቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው ሰሞን በአንዲት ልብስ ሰፊ ሰገነት ሥር ሲያልፉ ያ ጽጌረዳ ላይ ቤት ሳለ ታይቶ በማያውቅ መጠን ፈክቶ አዩትና ቀኑ። ከዚያ ደረጃውን ወጥተው በሩን አንኳኩ።

«እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያማረልሽ?» አሏት።

ሴትየዋ ወንበር ሳበችላቸውና ነገረቻቸው።