ከሙከራው የቀደመ ውጤት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት እጆች አንድ የኮምጣጤ ጠርሙስ ላይ ተገናኙ። አንደኛው፣ አሲድ እዚህም እዚያም ያነካካው፣ የሽማግሌው የኬሚስትሪ መምህር እጅ ነበር። ሁለተኛው የወጣቷ የሳይንስ ክፍል ኃላፊ ነበር።

ሽማግሌው ሰሞኑን ይህችን ልጅ ሲሸሿት ነው የከረሙት። እሷ በዋናው በር ስትገባ እሳቸው በጓሮው ይወጣሉ፤ እሷ መምህራን ማረፊያ ስትቀመጥ እሳቸውን ፀሐይ መሞቅ ያምራቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከበላይ የመጣው አዲስ የሳይንስ ትምህርት መስፈርት የላብራቶሪ ሥራ ሁሉ ከእሱ ጋር እንዲጣጣም ያዛል። የማጣጣሙ ሥራ የወደቀው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሯት በዚህች ልጅ ላይ ነው። የሰሙ ዕለት ርእሰ መምህሩ ፊት ቆመው «አስተማማሬን ካስለወጣችሁኝ የላብራቶሪውን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ» ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። ቤት ገብተው ምን እንደሚሠሩ ግን አላሰቡበትም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ የሚጠብቃቸው ሬዲዮው ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ይመስገነው። እንደምን አደርሽ ልጄ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ እየላኩ። «ውሰጂው ግድ የለም። እኔ ለማንቆርቆሪያዬ ነው፤ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ወርሶታል።»

«እኔ ደግሞ ለተማሪዎቼ ነው። ከየዓይነቱ አንዳንድ እወስዳለሁ።»

ባለሱቁ ሚዛኑን እየወለወለ ጣልቃ ገባ። «ኧረ ጓዳ ሞልቷል፣ አትጣሉብኝ! ግን ይህን ሁሉ ኮምጣጤ የሚፈጀው ምን ዓይነት ሰላጣ ነው?»

ሦስቱም ሳቁ። ሰው አንዴ አብሮ ከሳቀ በኋላ መሸሽ ያስቸግረዋል፤ ሽማግሌውም ሳይወዱ በግድ ከልጅቷ ጎን ሆነው መንገድ ጀመሩ።

«በይ እንግዲህ ንገሪኝ» አሉ ጥቂት እንደሄዱ። «ይኸ መስፈርት የምትሉት ነገር እኔን ምን አድርግ ነው የሚለኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ውሸት ነበር? አንቺስ ከማን ተማርሽ?»

«ከእርስዎ ነው ጋሼ፤ ይህን የትም ቦታ እናገራለሁ። መስፈርቱ ሙከራዎችዎን ይጣሉ አይልም። ተማሪው ጥያቄ ያንሳ፣ እንዴት እንደሚመረምር ራሱ ያቅድ፣ ያየውን ማስረጃ አድርጎ ይከራከር ነው የሚለው። ከእርስዎ ሙከራዎች ጋር አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ። ብዙዎቹ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ቢለወጥ ይስማማሉ።»

«አልሸሹም ዞር አሉ! ቅደም ተከተሉ ከተለወጠ ሥራው ተለወጠ ማለት አይደለም?»

«እርስዎ መጀመሪያ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ነው ሙከራው የሚሠራው።»

«ታዲያስ! ልጅ መድረሻውን ሳያውቅ መንገድ ይላካል እንዴ? ውጤቱን አውቆ ሲሠራ አይደናገርም። አንድ ክፍለ ጊዜ ማለት እኮ ቱቦ አጥበሽ ሳትጨርሺ የሚደወልበት ነው። ደግሞስ አሲድ በልጅ እጅ? ይህን የጻፉት ሰዎች ለመሆኑ ቱቦ ጨብጠው ያውቃሉ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ የሚናቅ ጥያቄ አልነበረም። በሽማግሌው ላብራቶሪ አንድም ልጅ ዓይኑን ተጎድቶ አያውቅም። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰውም ቢሆን የተማረው ሰው ከሩቅ ቢሮ በሚልከው ወረቀት ልሙት ማለቱ አይመስለኝም። ወጣቷም ይህን ታውቃለች።

«እዚህ ላይ እውነትዎን ነው» አለች። «ሶዲየም ውሃ ውስጥ መጣልን የመሰለው በእርስዎ እጅ ብቻ ይቆያል፤ ለበላዮቹም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ጊዜ እንዲበቃን ደግሞ የሙከራዎቹን ብዛት እንቀንሳለን። ግን ማንቆርቆሪያዎን እንውሰድ። ቅርፊቱን ቶሎ የሚያጸዳው የትኛው ኮምጣጤ ነው? መልሱን ያውቁታል?»

ሽማግሌው ቆም ብለው አሰቡ። «አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። ደስ የሚለው እሱ ነው።»

«እኔን ደስ አይለኝም! መምህር የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ ክፍል ይገባል? ስሚኝ ልጄ፣ ሰኞ ነይና ከኋላ ተቀመጪ። ሥርዓቴን አይተሽ ፍረጂ። ጉድለት ካገኘሽ እንነጋገራለን፤ ካላገኘሽ ግን ወይ ተዪኝ ወይ ቁልፌን ተቀበዪኝ። በስተርጅና ሥራ እንደ አዲስ አልለምድም።»

ወጣቷ ከፋት። እሷ የምትፈልገው ሰውየውን እንጂ ቁልፉን አልነበረም። ቢሆንም «እሺ ጋሼ» ብላ ተሰናበተች።

ሰኞ ሽማግሌው የተተኮሰ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ጠበቁ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው ሰሌዳው ላይ፦ «ትንፋሻችን የኖራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወተት ይመስላል» ብለው ጻፉ፤ በትንፋሻችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ተዋህዶ እንደሚያነጣውም አስረዱ። ከዚያ ከትልቁ ጠርሙስ የኖራ ውሃ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦ ቀድተው ለየቡድኑ ከመምጠጫ ጋር አደሉ። ልጆቹ መነጽራቸውን አድርገው ውሃውን በመምጠጫ እፍ ማለት ጀመሩ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ዝንብ ቢበር ይሰማል።

የሽማግሌው ዓይን ከልጆቹ እጅና አፍ ላይ አልተነሳም። አንዱ ቱቦ ይሰብራል፣ ሌላው እፍ በማለት ፈንታ ይስብ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ውሃውን ግን አላዩትም፤ ምን እንደሚሆን ያውቃሉዋ! ጊዜው ሲደርስ ልጆቹ ውጤታቸውን የጻፉበትን ወረቀት ሰብስበው አገላበጡ። ሁሉም «ወተት መሰለ» ይላል። ወደ ኋላ ዞረው ለክፍል ኃላፊዋ «አየሽ?» በሚል ዓይን ፈገግ አሉ።

ወጣቷ ፈገግ አላለችም። የምታየው ቱቦዎቹ የተደረደሩበትን ማስቀመጫ ነበር። ሽማግሌውም ዓይኗን ተከትለው አዩ። አንዱን ቱቦ አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙት፤ ሁለተኛውን አነሡ፤ ሦስተኛውንም። ሁሉም ጥርት ያለ ውሃ ነው። ወደ ትልቁ ጠርሙስ ሲዞሩ ነገሩ ገባቸው፦ ክዳኑ ላልቶ ስንት ሳምንት አየር ሲገባው ከርሟል። የኖራ ውሃ አየር ከገባው ኃይሉን እንደሚያጣ ደግሞ በየዓመቱ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋን ተማሪ ጠሯት። «ወተት መሰለ ያልሽው ይሄን ነው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አይ ቲቸር። የእኛ አልነጣም።»

«ታዲያ ለምን ነጣ ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሰሌዳው እንደዛ ይላል። እኔ... የኔ ትንፋሽ ብቻ እንቢ ያለ መስሎኝ አፈርኩ።»

«እኔም» አለ አንድ ድምፅ ከመሃል። «እኛም ቲቸር» አሉ ከኋላ። ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ለካስ ያ ሁሉ ጸጥታ ጥሞና አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ከጎረቤቱ የደበቀው እፍረት ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚያ ክፍል የቀረው ኬሚስትሪው ራሱ ነበር።

ተደወለ፤ ልጆቹ ወጡ። ሽማግሌው አንድ በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። አፈሩ፤ ከእፍረቱም ሐዘኑ ባሰባቸው። ወጣቷ ፉከራ አላሰማችም፤ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ውሸታም ሆነው አይደለም ጋሼ። እርስዎን አምነው ነው።»

«የከፋውም እሱ አይደል? ዓይናቸውን ክደው እኔን አመኑ!» ጋዋናቸውን ጨበጡ። «ከእነዚህ አንዷ ነገ የደም ምርመራ ክፍል ትገባለች። ሐኪሙ ‹ይህ በሽታ ይመስለኛል› ሲላት፣ እሷ ደግሞ ቱቦዋን ትታ ‹አዎን ነው› ካለችው፣ የሚሞተው በሽተኛው ነው። ሌላው የመጠጥ ውሃ የሚመረምር ይሆናል፤ አለቃው ንጹሕ ነው ስላለ ብቻ ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርማል። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኛ!»

«እጃቸውን የጠበቁላቸውም እርስዎ ነዎት። ይህን እኔ አልችለውም። ልጆች ራሳቸው አቅደው ሲሠሩ ከበፊቱ ይበልጥ አደጋ የሚያሸት ሰው ያስፈልገናል። ቁልፉን አልቀበልዎትም፤ ቢጥሉትም አላነሣውም።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ልጆቹን መጠርጠር አላስተማርኳቸውም። በይ ያን መስፈርትሽን አምጪው። እኔ የምለውን ግን ትሰሚኛለሽ፤ መነጽር ሳያደርግ አንድም ልጅ ቱቦ አይነካም።»

«አንድም ልጅ አይነካም ጋሼ።»

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ የነበረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ባለፈው ለምን አልነጣም?» ሽማግሌው አሮጌውን ጠርሙስና ከጠዋት በጥብጠው ያጠለሉትን አዲስ የኖራ ውሃ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ከዚያ አፋቸውን ይዘው መቆም ጀመሩ። ቱቦ ከመሸከም የከበደ ሥራ ነው ይህ! አንዱ ቡድን ጥፋቱን በጠርሙሱ አመካኘ፣ ሌላው በመምጠጫው፣ ሌላው አሁንም በትንፋሽ። የትንፋሹ ቡድን ሰው አቀያይሮ ሞከረ፤ የመምጠጫው ቡድን በአንድ መምጠጫ ሁለቱንም ውሃ ልሞክር አለ። ክፍሉ ገበያ ሆነ፤ የባዮሎጂው መምህር ሳይቀር ሰው የተጣላ መስሎት በበር ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ሥርዓቱ ወዴት ሄደ?»

«ሥርዓቱማ አለ፤ እይ፣ መነጽር ያላደረገ ታያለህ?» አሉት። «ጫጫታ የመሰለህ ክርክር ነው። አጥንቶ የሚመልስ ልጅ ከፈተና ማግስት ይረሳዋል፤ ተከራክሮ ያሸነፈበትን ግን እስኪሸብት አይረሳም። ቢሳሳት የት ጋ እንደሳተ ያውቃል፤ የደነዘዘ ልጅ ይነቃል፤ ጎበዙም ትሕትና ይማራል። መምህሩም ቢሆን፣ ልንገርህ፣ ከርጅናው ትንሽ ይቀነስለታል። አንተም የክፍልህን ሙከራዎች ከመስፈርቱ ጋር አመሳክር፤ ካስቸገረህ እኔ ጋ ና።»

የባዮሎጂው መምህር አንገቱን እየነቀነቀ ሄደ። እሱም ቢሆን ሳምንት ሳይቆይ መምጣቱ አይቀርም።

ያቺ አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ በዚህ መሃል እጇን አወጣች። አዲሱ ውሃ በእሷ ትንፋሽ ወተት መስሎላት ከደስታዋ ብዛት ሳታቋርጥ እፍ ስትል ቆይታለች። ቱቦዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ወተት መሰለ። እፍ ማለቴን ስቀጥል ግን መልሶ ጠራ! መጥራቱንም ልጻፈው?»

ሽማግሌው ለምን መልሶ እንደጠራ ያውቃሉ። መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጡት።

«አንቺ ያየሽውን ልትጽፊ» አሏት፣ «እኔን ለምን ታስፈቅጂኛለሽ?»