ሁለት ጊዜ የተጠየቁት ሽማግሌ

የጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር የሰውን ጨዋነት ይፈትናል። ጎረቤት ምን እንደታመመ ሁሉም ይገምታል፤ ማንም ግን አይጠይቅም። ግንቦት 2 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ላሳድስ ሄጄ ሳለ ጋሽ ፀሐዩን እዚያ አገኘኋቸው። የመጸዳጃ ቤቱ በር በሚታይበት ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ጋሽ ፀሐዩ የአቃቂ በሰቃ ሠፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርና የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ፤ እሑድ በስብሰባው ላይ አንብብልኝ አሉ። ገልጬ ሳየው፣ «ዕድሜዬ ስለገፋ ከዳኝነቱ አንሡኝ» ይላል።

ገና ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ወረቀቱ እውነቱን እንዳልያዘ ገባኝ። ስድስት ወር ሆኖታል፣ ዳኛው ከድንኳን ቶሎ ይነሣሉ፣ ለቅሶ ላይ ሻይ አይቀምሱም እየተባለ ይታማሉ። የሮሪሳ ቀብር ዕለትማ ሬሳው ጉድጓድ ሳይገባ ጥለው ሄዱ። ሮሪሳ የአርባ ዓመት ጓደኛቸው ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ ዳሲቱ ከዚያ ወዲህ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች። ለምን እንደሄዱ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚህ መካከል ሲስተር ልዕልት የምትባል ወጣት ነርስ ስማቸውን ጠራች። ጋሽ ፀሐዩ ክንዴን ይዘው፣ «መምህር፣ አብረኸኝ ግባ። ቃሌን የሚሰማ እማኝ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ነርሷ የግል ጥያቄ ስለሆነ ብቻቸውን ቢሆኑ እንደሚሻል ብትነግራቸውም እምቢ አሉ። በእሳቸው ፈቃድ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ።

ሲስተር ልዕልት ለማስተርስ ትምህርቷ ጥናት ትሠራ ነበር። ሽንት ድንገት እያጣደፈ ፋታ የሚያሳጣቸው ሰዎች የሚሞሉት መጠይቅ ውጭ አገር ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ሐኪሞች ሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊት መጠይቁ በእኛ ሰው ዘንድ በትክክል መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። ጋሽ ፀሐዩን ያስከፋቸው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ «እኔ ሃያ ዓመት አስታርቄአለሁ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው ተከሳሽ ነው። ያኔ የነገርኩሽን አላመንሽም ማለት ነው?»

«አምኜዎታለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ያኔ ያልኩትን አንብቢልኝና ልድገምልሽ። የሽማግሌ ቃል አንድ ነው።»

ማንበብ እንደማይፈቀድላት በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም ግድ የለም፣ አስታውሰዋለሁ አሉ፤ እውነትም አስታወሱት። ባለፈው አንድ ሳምንት በቀን ስንት ጊዜ ሸኑ? አምስት። ድንገት አጣድፎዎት ያውቃል? አልፎ አልፎ። ሳይደርሱ አምልጦዎት ያውቃል? በጭራሽ። እንደ ውዳሴ ማርያም ሳይደናቀፉ አወረዱት።

ነገር ግን ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ «ይቅርታ» ብለው ወጥተው ተመለሱ። ከሰባተኛው በኋላም ደገሙት፤ ሲመለሱ ግንባራቸውን አልቧቸው ነበር፣ የኮታቸውንም ጫፍ ወደ ፊት ስበው ተቀመጡ። ነርሷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገች። አንድም ልዩነት አልነበረም። ለጥናት የሚፈለገው ይህ ነው፤ ዝም ብላ ፈርማ ብታሰናብታቸው መምህሮቿ ያመሰግኗት ነበር። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ወደወጡበት በር አየት አድርጋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይህን ወረቀት አልቀበለውም።»

ጋሽ ፀሐዩ በትራቸውን ጨብጠው ብድግ ሊሉ ሲሉ አየሁ። በሠፈራችን እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ሰው አላውቅም።

«ውሸታም እያልሽኝ ነው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይደለም። እኔ የምመዝነው ወረቀቱን ነው፤ እርስዎን አይደለም። ሐኪሞች በዚህ ወረቀት አምነው መድኃኒት ሊያዙ ነው። ወረቀቱ ከተሳሳተ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይሳሳታል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጋሽ ፀሐዩ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥጥ ፋብሪካ መዛኝ ነበሩ። «ጋሼ» አልኋቸው፣ «ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጡት ባለ ሃያ ኪሎ ብረት ለምን ነበር?»

«ሚዛኑን ልፈትንበት ነዋ። ብረቱ ያው ሆኖ ቁጥሩ ከተለየ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው።»

«እርስዎ ያ ብረት ነዎት» አለች ልዕልት ቶሎ ቀበል አድርጋ። «ሁለት ጊዜ የተጠየቁት ተጠርጥረው ሳይሆን ታምነው ነው።»

ጋሽ ፀሐዩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በመስኮቱ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚጠራው የታክሲ ረዳት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ አንድ ነገር ነገሩን። በአንድ ክረምት ሚዛኑ ጠዋት ጠዋት አልገጥም ብሎ፣ ሦስት ቀን ፈታተው ገጠሙት። በአራተኛው ቀን ብረቱን ሲገለብጡት ከሥሩ ተሸርፏል። ደህናውን ሚዛን ሲያሠቃዩት የሰነበቱት በተሸረፈ ብረት ነበር።

«የተሸረፍኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ልወጣ ስነሣ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡኝ። «ተቀመጥ፣ ከሰማህ አይቀር ሁሉንም ስማ። ከትናንት ጠዋት እስካሁን አሥራ አራት ጊዜ ነው። የሮሪሳ ቀብር ላይ ደግሞ አምልጦኛል። በርጥብ ሱሪ ጓደኛዬን ልቅበር? ሰው ሁሉ ጥዬው መሄዴን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም።»

ልዕልት ወዲያው አልጻፈችም። ታዲያ የመጀመሪያው አምስት ከየት መጣ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እሱማ እውነት ነበር። ያኔ የጠየቅሽኝ በሕማማት ነው። እስከ ማታ ውሃ በአፌ አይዞርም። ጾሙ ሸፈነኝ እንጂ ሕመሙ አልተሻለኝም። አሁን በሃምሳው ቀን የፋሲካ ጠሪው ሁሉ ጠጡ ይላል፤ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ዛሬ የዋሸሁት ቃሌን አንድ ላደርግ ብዬ ነው።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «አንቺም ብትሆኚ ልጄ፣ ከማስተርሱ በፊት የቀን መቁጠሪያ ማየት ነበረብሽ። በጾም መዝነሽ በፍስክ ብትመዝኚ ብረቱ አንድ አይሆንም።»

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ሌላ ማኅደር ገልጣ አየች። ወይዘሮ ዙለይኻ የተባሉ ሌላ ታካሚ በሚቀጥለው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠየቁ፣ ሁለተኛው ቀጠሯቸው ደግሞ ሩቅ ባልሆነው ረመዳን አፋፍ ላይ ሊወድቅ ነው፤ ቢራዘም ጾሙ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሳምንት ስትቆጥር ሰዉ መቼ እንደሚጾም አልቆጠረችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለመምህሬ እነግራለሁ፣ የእርስዎንና የመሰሎችዎን እንደገና እሠራለሁ አለች። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ ታካሚ ፊት እንዲህ ያለ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሐኪሙ ስኳርንም ፕሮስቴትንም መርምሮ ነፃ ናቸው እንዳለ አስታወሰቻቸው። ይህ ሕመም እርግማንም የእርጅና ዕዳም አይደለም አለቻቸው። ውሃ መከልከል ሽንቱን አወፍሮ ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጣዋል፤ ስለዚህ በልክ መጠጣት፣ በሰዓት መሄድ፣ ሰዓቱን በጥቂት በጥቂቱ ማራቅ፣ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ ማለማመድ ያስፈልጋል። ይህ ካልበቃ መድኃኒት አለው። ጋሽ ፀሐዩ እንደ መዛኝ ሆነው ነገሩን በቁጥር ጠየቋት፤ ስንት ብርጭቆ፣ በስንት ሰዓት። ለሦስት ቀን የጠጡትንና የሄዱበትን ሁሉ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዘቻቸው።

በር ላይ ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ያን ወረቀት መልስልኝ። ጀርባው ባዶ ነው።»

እሑድ በስብሰባው መካከል ጋሽ ፀሐዩ ተነሡ። የጉባኤው ሰው አጉረመረመ፤ ወይዘሮ ዳሲቱም ፊቷን አዞረች። እሳቸው ግን እንደ ወትሮው ሾልከው አልወጡም። «ፊኛዬን ታምሜ ሕክምና ላይ ነኝ፤ የሮሪሳንም ቀብር ያቋረጥኩት በዚሁ ነው። ዳሲቱ፣ ይቅር በይኝ። አሁን ወጥቼ እመለሳለሁ፣ ጠብቁኝ» አሉ። ማንም አልሳቀም። ሲመለሱ ወይዘሮ ዳሲቱ አጠገቧ ያለውን ወንበር እንዲቀመጡበት ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችላቸው።

አንባቢ ሆይ፣ የተደበቀ ሕመም ባለቤቱን ከሰው ይለያል፤ ሐኪሙንም ያሳስታል። ስለ ራሱ በትክክል የሚናገር ሰው ግን ራሱን ይረዳል፤ በማያውቀው ሠፈር ያለ የማያውቀውን ሰውም ይረዳል፤ ሚዛኑ ለእሱም ይስተካከላልና። በዚያ ዕለት ስብሰባው ሲበተን ሦስት ሰዎች፣ አንዳቸው ሌላውን ሳያይ፣ ሲስተር ልዕልት በየትኛው ቀን እንደምትገኝ ጠይቀውኛል።

ነርሷ አይታ የመለሰችው ወረቀት ዛሬም በእድሩ ማኅደር ውስጥ ነው። በአንድ ፊቱ ከዳኝነቱ አንሡኝ ይላል፤ በጀርባው በመዛኝ የተጣራ ጽሕፈት፣ «ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃ፣ አንድ ሙሉ ብርጭቆ» ብሎ ይጀምራል። እኔም የጀርባውን ብቻ በመዝገቡ አስፍሬአለሁ።