በወተት የተፈላው ቅጠል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ መርየም የሱፍ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ
ተጠርጣሪ፦ አቶ ዘይኑልአቢዲን እንድሪስ፣ የጭነት መኪና መካኒክ
ምስክሯ ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ የሟች ባለቤቱ ታናሽ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ፣ ነሐሴ 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሀሺሽ የተባለውን ክልክል ተክል በግቢያቸው አብቅለው ተገኝተዋል ስለተባሉት ስለ አቶ ዘይኑልአቢዲን የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ በቁርአን ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

አቶ ዘይኑልአቢዲን የታላቅ እህቴ የኡሙሰልማ የሱፍ ባል ናቸው። በአሰብ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ የጭነት መኪና ይጠግናሉ። ልጅ አልወለዱም። ጫት እንኳ አይቅሙም፤ የሚያውቋቸው ሾፌሮች ሲጋራቸውን ውጭ ጨርሰው ይገባሉ እንጂ እሳቸው ፊት አያጨሱም።

እህቴ ባለፈው ዓመት ሆዷን ታመመች። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ስትመረመር የጨጓራ ካንሰር መሆኑ ተነገራት። ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ጊዜ አልፏል ተብላም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከጥር ወር ጀምሮ ሥራዬን ትቼ ኮምቦልቻ እነሱ ቤት ተቀምጬ አስታመምኳት። የበላችውን ሁሉ ታስመልስ ነበር፤ ኋላ ኋላ ውሃም አልረጋላት አለ። ሕመሙ ሲነሳባት ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን ትነክስ ነበር።

በየካቲት ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አቶ ዘይኑልአቢዲን በወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት ዘር ይዘው መጡ። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሀሺሽ መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩኝ። የሰጣቸው ሾፌር፣ የገዛ እናቱ እንዲህ ባለ ሕመም ተይዘው ሳለ ይህን ጠጥተው እህል እንደቀመሱ አጫውቷቸዋል። የሾፌሩን ስም አልነገሩኝም፤ አላውቀውም።

በዚህ ነገር ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። ወንድማችን በሺር ከደሴ መጥቶ፣ ሀራም ነገር በእህቴ አፍ አይገባም፣ መንግሥትም ያስራችኋል ብሎ ተቆጣ። የሰፈሩ አዛውንት ሸህ ሙሄዲን እንዲፈርዱ ተጠሩ። እሳቸውም መልስ ከመስጠታቸው በፊት በሽተኛዋን ልያት ብለው አጠገቧ ብዙ ተቀመጡ። ወጥተውም፣ የሚያሰክርን ነገር ሀላል ነው ለማለት እንደማይደፍሩ፣ ሌላ መድኃኒት የጠፋለት በሽተኛ ጉዳይ ግን ለብቻው የሚታይ ስለሆነ የሕክምና ሰው ይጠየቅ ብለው ሄዱ።

መርፌ ልትወጋት የምትመጣው ነርስ ሲስተር አትጠገብ በላቸው ተጠየቀች። በመድኃኒትነቱ እንዳልተማረችው፣ መጠኑ እንደማይታወቅ፣ የልብ ምት ሊያፋጥንና አእምሮ ሊያዛባ እንደሚችል ነገረችን። በሺር ይኸው ሰማችሁ አለ። እሷ ግን ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ "እኔ መድኃኒት ነው አልልም። እኔ የያዝኩትም እንዳላስታገሰላት ግን አያለሁ" አለች። ቅጠሉን አልሰጠችም፤ ስጡም አላለችም።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ትሰማ ኖሯል። ጠራችንና "የምትከራከሩት በእኔ ሆድ ነው፤ እኔን ጠይቁኝ እንጂ" አለች። ልሞክረው ብላ ወሰነች። በሺር ተነስቶ ወደ ደሴ ተመለሰ።

አቶ ዘይኑልአቢዲን ቅጠሉን በወተት አፍልተው አጠለሉና መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱት። እንዳይጎዳት ፈርተው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሲቀምሱት አላየሁም። ለእህቴ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ሰጧት። ቆይቶ ሰውነቷ ላላ። ባሏን ትክ ብላ አየችና "ፂምህን ማነው እንዲህ ያንጨባረረው?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየናት ወራት አልፎ ነበር። ከዚያ ፓፓያ አማረኝ አለች። ቆርጬ ሰጠኋት፤ በላች፤ አላስመለሳትም። አቶ ዘይኑልአቢዲን ወደ ጓሮ ወጡ። ስከተላቸው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

ዘሩን ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ የዘሩት በማግሥቱ ነው። ሲዘሩ ቆሜ አይቻለሁ። ቅጠሉ ሁልጊዜ አልሠራላትም። አንዳንድ ቀን ያስፈራት ስለነበር እስኪያልፍላት ድረስ ባሏ እጇን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ለሌላ ሰው ሲሰጡም ሆነ ሲሸጡ አላየሁም።

በግንቦት ወር የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች የግቢ ንጽሕና ሊያዩ ገብተው ተክሉን አገኙት። በዚያ ሰዓት አቶ ዘይኑልአቢዲን እህቴን አጥሚት ያጠጧት ነበር። ይነሱ ሲባሉ፣ "የያዝኩትን ላጠጣትና እመጣለሁ" አሉ። ጥበቃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዕድሜ ታላቅ የሆነው ጠመንጃውን ከበሩ ውጭ አስደግፎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እስክትጨርስ ጠበቁ። አቶ ዘይኑልአቢዲን አፏን ጠረጉላት፣ ትራሷን አስተካከሉላት፣ ከዚያ አብረዋቸው ሄዱ።

እሳቸው ከታሰሩ ወዲያ እህቴ ምንም አልቀምስ አለች። ጣቢያ ውሰዱኝ ብላ አስቸገረችን። በሺር መታሰራቸውን ሰምቶ መጥቶ ነበርና የቃሬዛውን ፊት ይዞ ከጎረቤቶች ጋር ወደዚህ ጣቢያ አመጣናት። የጣቢያው አዛዥ ግቢው ድረስ ወጥተው አነጋገሯት። ተክሉን የዘራሁት እኔ ነኝ፣ ባሌ አያውቅም ብላ ቃሏን ሰጠች። ያን ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ቁጭ ማለት እንኳ አትችልም ነበር። አዛዡ እስክትጨርስ ሰሟት። በሺር ራሱ ዋስ ሆኖ አቶ ዘይኑልአቢዲን በዚያው ዕለት ተለቀቁ። በመመለሻው የቃሬዛውን ፊት የያዙት እሳቸው ናቸው።

እህቴ ኢድን አብራን ውላ በሐምሌ ወር በባሏ ክንድ ላይ ሆና አረፈች። ከማረፏ በፊት ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ "ስትጠየቂ የዘራችው እሷ ናት በይ። እኔን ከመቃብር አውጥቶ የሚያስር የለም" ብላ ለምናኛለች። እሺ ብያታለሁ።

ለዚህ ምስክርነት መጥሪያ ሲደርሰኝ እህቴ የለመነችኝን ለአቶ ዘይኑልአቢዲን ነገርኳቸው። እሳቸውም "መርየም፣ እሷ እኔን ብላ ነው የዋሸችው። የሷ ስም ከወንጀል ጋር አይጻፍ። እኔ ያደረግኩትን እኔው ልጠየቅበት" አሉኝ። ስለዚህ ለእህቴ የገባሁትን ቃል አፍርሼ እውነቱን ተናግሬያለሁ። ተክሉን የዘሩት እሳቸው ናቸው።

ሀሺሽ መድኃኒት ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። እሱን የሚያውቁት ይመርምሩት። እኔ የማውቀው እህቴ የበላችባቸውን ቀኖች ነው።

ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ተጠርጣሪው በበሺር ዋስትና ቤታቸው እንደሚቆዩ ተነግሮኛል። እሳቸው አሁን ያሉበትን ቦታ ተጠይቄ፣ የዚህ ጣቢያ በር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ መሆኑን ገልጫለሁ። ለመመስከር እንዳልቀር ደሴ ድረስ መጥተው ያመጡኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያልተናገርኩት አልተጨመረበትም፤ ያየሁትንም አልሸሸግሁም። ለዚህም አላህን ምስክር አድርጌ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ መርየም የሱፍ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ቀለሙ ብሩ፣ ፊርማ