ስለ ሱፍ ቅርፊት የተሰጠ ግማሽ ምክር

የዛሬ ስድስት ዓመት መደብሽ ላይ የዘራሽው ቲማቲም ያልበቀለው በኔ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሜ ልተንፍሰው፤ ወሬ ከጀመርኩ ይጠፋብኛል። ታውቂኝ የለ? በፊት ለፊት በር እያለ በጓሮ ዞሬ የምገባ ሰው ነኝ።

እሺ... እንዴት ነሽ ታዲያ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላት? ይህ መጋዘን መቼም ይቀዘቅዛል። ጓንቱን ግን እንዴት አድርገሽ በልክ በልኩ ደርድረሽዋል። እኔ ክፍል አንዲት መቀስ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እዚህች ካርቶን ላይ ልቀመጥ። አይ ተይ፣ አትነሺልኝ፤ ዛሬ ወንበር የሚለቀቅልኝ ሰው አይደለሁም።

ስለ ራሴ ማውራት አልሆነልኝም። ከጠዋት ጀምሮ ስለማመድ ነበር፤ "እኔ" ስል ምላሴ ይተሳሰራል። የሚቀናኝ ሰው ማማት ብቻ ነው። በዚህ ችግኝ ጣቢያ ያላማሁት ሰው አለ? ስለዚህ ፈቃድሽ ከሆነ ስለ አንዲት ሴትዮ ላውራሽ። ስሟን አልጠራም። ብጠራው አቤት ማለት ይኖርብኛላ።

መቼም ደግ ናት... ደግነቷን ማን ይክዳል? አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ቀድማ የምትቀበለው እሷ። "ነይ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ" ትላለች። አለች ደግሞ። ጠዋት አለች፣ ከሰዓት አለች፣ ዞር ስትዪ አለች። ብቻ አስተውለሽ እንደሆነ፣ እሷ ሥር ከገቡት ልጆች አንዱም ከፍ ብሎ አልታየም። አንዷ ተዛወረች። አንዱ ራሱ ለቀቀ። አንዷ ደግሞ... ጓንት ትደረድራለች። እሷ ግን በየዓመቱ እያማረባት ነው። ምን ዓይነት ዕድል ይሆን?

የተማረችም ናት። ከኛ ሁሉ ተመርጣ ሥልጠና የሄደች እሷ ብቻ አይደለችም እንዴ? ያስተማሯትን እስከ ዛሬ በቃሏ ትወጣዋለች። ተክል ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ጎረቤቱን የሚያቀጭጭበት መላ አያጣም። አንዳንዱ በሥሩ፣ አንዳንዱ በቅጠሉ ኬሚካል ያወጣል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። አጠገቡ ያለው ዘር ውሃ አላጣ፣ ፀሐይ አላጣ... ሥሬን ልዘርጋ ሲል እዚያው ይቀራል። ያየ ሰው "ዘሩ ደካማ ነበር" ይላል። የቆመውን ማን ይጠረጥራል?

እዚህ እንደመጣሽ፣ ካንቲኑ በር ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሣር ለምን እንደማይበቅል ጠይቀሽ ነበር። ሁሉም "ውሃውን ስለሚጠጣው ነው" አለሽ። ሴትዮዋ ሌላም ምክንያት እንዳለ ታውቃለች፤ ዝም አለች። ዕውቀት አታባክንም።

ሱፍም ያው ነው። ያ አበባው ፀሐይ የሚመስለው፣ ሲያዩት ፊቱ ፈገግታ ብቻ የሆነው። የፍሬው ቅርፊት ትኩሱን ከተነሰነሰ ለትንንሽ ዘር አይመችም። ወራት ተከምሮ ከበሰበሰ ግን ጥሩ ጉዝጓዝ ይወጣዋል። ይህን ያወቀችው ከሥልጠናው አይደለም፤ ራሷ ሁለት መደብ ካበላሸች በኋላ ነው። አበላሸሁ አላለችም እንጂ። ሪፖርቷ ላይ "ዘሩ አሮጌ ነበር" ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሕፈቷ ደግሞ እንዴት ያምራል።

እንግዲህ አንዲት ልጅ መጣች። ደብተር በኪሷ፣ "ለምን" በአፏ። አንድ ቀን የጥበቃው ሽማግሌ የታመመ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ይዘው ገቡ። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። እሳቸው አልፈዋት ሄደው ለልጅቷ ሰጧት። በቃ ይኸው ነው፤ ሌላ ያደረሱባት በደል የለም። የተዘረጋውን እጅ ምን ታድርገው? ወደ ሻሿ ወሰደችና የተስተካከለውን ሻሽ አስተካከለች። ለአንድ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ብላ ይህን ሁሉ አደረገች ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል?

ከዚያ ለልጅቷ ሃያ መደብ ቲማቲም ለብቻዋ ተሰጣት፤ የመጀመሪያዋ ነው። መጥታ "እትዬ፣ ምን ልጎዝጉዝበት?" አለች። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ውሸት አትወድም። "ከዘይት መጭመቂያው የሱፍ ቅርፊት አስመጪና አልብሺው፣ እርጥበት ይይዝልሻል" አለቻት። ይይዛል፣ እውነት ነው። የቀረችው "መጀመሪያ ይበስብስ" የምትለዋ ናት... ሁለት ቃል። ሻይ እየጠጣች ነበርና አብራ ዋጠቻት። በማግሥቱ ጋሪው ትኩስ ቅርፊት ጭኖ በመስኮቷ ሲያልፍ አየች። ለባለጋሪው ሰላምታ ሰጠች። ሰላምታ አትነፍግም መቼም።

በሦስተኛው ሳምንት ከመቶው ስምንት ዘጠኝ ብቅ አለ፤ እሱም ቢጫ። ስብሰባ ተጠራ። ልጅቷ ስትነሣ ሴትዮዋ "አሁን ትጠራኛለች" ብላ ማስተባበያዋን ታሰናዳለች። ልጅቷ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፈሩን በደንብ አላየሁትም" ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ አስተዳደግ ከየት ይመጣል? ሴትዮዋ እፎይ አለች። እፎይ ያለ ሰው ደግሞ ቸር ነው፤ ተነሥታ ተሟገተችላት። "ልጅ ናት፣ አትቅጧት። መደቡ ከብዷት ነው እንጂ ክፋት የለባትም። መጋዘን ብትሆን ትረጋጋለች።" አዳራሹ በሙሉ "እንዴት ያለች አንጀተ ቡቡ ናት" አለላት። ከዚያ ወዲህ "የጣቢያው እናት" ይሏታል። ልጅቷም ይኸው ተረጋግታ... ስድስት ዓመት።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ቱቦ ፈልጋ እዚህ ገባች። አንቺ ምሳ ወጥተሻል። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ መስኮቱ ላይ፣ የቀለም ጣሳዎች አየች። በየጣሳው ቲማቲም፣ በየጣሳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ጽሑፍ። "ትኩስ ቅርፊት" የሚለው ባዶ አፈር ነው። "ሁለት ወር የበሰበሰ" የሚለው ላይ ጣት የምታክል ቡቃያ ቆማለች። "ስድስት ወር" የሚለው አበባ አውጥቷል። አጠገባቸው ያ ደብተር አለ። ያለፈቃድ ገለጠችው፤ እሱንም ጨምሪበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቀን ከስብሰባው በኋላ አራተኛው ወር ነው።

ታውቂ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ። በየጠዋቱ "እንዴት አደሩ እትዬ" ስትያት፣ እሷም "እግዜር ይመስገን ልጄ" ስትልሽ... ምን ብለሽ ቻልሻት? አይ፣ አትመልሺልኝ።

ቱቦውን ረስታ ወጣች። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች። ቆይታ ለማን እንደምታለቅስ ስትመረምረው፣ ለራሷ ነው። እንባዋ እንኳ ከራሷ አጥር አይወጣም።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ ጽፋ ሰጠች። ቅርፊቱን፣ የዋጠቻቸውን ሁለት ቃላት፣ ስብሰባውን፣ ሁሉንም። ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ "መደቡን ልመልስላት እፈልጋለሁ። ካንቺ አጠገብ መሥራት ትችል እንደሆነ ግን ራስሽ ሄደሽ ጠይቂያት" አላት። ጎበዝ አስኪያጅ ነው፤ ቅጣት ያውቃል።

እሷ ግን አጠገብሽ መቆሙን ፈራችው። አንቺን አይደለም የፈራችው... ሥሯን ታውቀዋለች። ስለዚህ እሱን አስፈቅዳ፣ እሺ ካልሽ ይህን መጋዘን ትረከብሻለች። አካፋ አያድግ፣ ባልዲ አይበቅል፤ እዚህ ማንን ታቀጭጫለች? የሷን ክፍል አንቺ ያዢው። እምቢ የማለት መብትም አለሽ። እምቢ ካልሽ ሌላ ጣቢያ ትሄዳለች፤ የዚያ ጣቢያ ሰዎች ግን ምን አደረጉ?

እንግዲህ ከመነሣቴ በፊት ልመርቃት፤ ዛሬ ከኔ ሌላ መራቂ አታገኝም። ዕድሜና ጤና ይስጣት። ዓይኗን አይጋርድባት፤ አንቺ የዘራሽው ሁሉ ሲበቅል አንድም ሳይቀርባት ትየው። ጆሮዋን ይጠብቅላት፤ "ይህን ማን አበቀለው?" ሲባል ስምሽን ጥርት አድርጋ ትስማ። አዳዲስ ልጆችም አያሳጣት። በየዓመቱ እየመጡ፣ ጓንት ከእጇ ተቀብለው፣ "እግዜር ይስጥልን እናታችን" ብለው ጉንጯን ስመው... ለመማር ወዳንቺ ይሂዱ።

ሴትዮዋን እዚህ ላይ ልተዋት። የበደልኩሽ እኔ ነኝ። እባክሽ ይቅር በይኝ።