የአቶ ታውኖ ያልተፈቱ መኪኖች

በዚህ የስንብት ዕለት ዜና ሕይወታቸው የሚነበብላቸው አቶ ታውኖ ኬምፓይነን፣ ከአባታቸው ከኦስካሪና ከእናታቸው ከሂልያ በካይኑ አገር፣ ከሐይቁ ማዶ ባለው ሰፈራችን ተወለዱ። ትምህርት ቤት የተመላለሱት ከጎረቤታቸው ከአቶ ቬይኮ ጋር ሲሆን፣ አንድ ቀን የጠፋ የእርሳስ መቅረጫቸው ከገዛ ኪሳቸው ቢገኝም «መልሶ ከቶት ነው» ብለው ቬይኮን መጠርጠር ጀመሩ፤ ከዚያም ወዲህ አልተዉም።

ካደጉ በኋላ የግንድ መጫኛ መኪኖች ጠጋኝ ሆነው ቢሠሩም፣ ልባቸው ያረፈው በጠጠር መንገድ ውድድር ላይ ነበር። ሰው የጣላትን አሮጌ መኪና ጎትተው አምጥተው፣ መቀመጫዎቿን አውጥተው፣ ብትገለበጥ እንዳትጨፈለቅ ውስጧን በብረት ቱቦ አጥረው፣ ሞላዋን አጠንክረው፣ ከሞተሯ ሥር ወፍራም ላሜራ በይደው፣ በዚያ ሁሉ ጉድጓድ ላይ ያበሯት ነበር። ወይዘሮ ሄልሚ መጀመሪያ ወደ ጋራዡ ብቅ ባሉ ጊዜም አቶ ታውኖ «ማን ላከሽ?» ብለው ጠየቁ፤ አጥጋቢ መልስ ሳያገኙ አግብተዋቸው ልጃቸውን ፓይቪን ወለዱ።

በውድድራችን ደንብ፣ ማንም መኪናው ላይ ሀብቱን እንዳያፈስ ሲባል፣ ውድድሩ ሲያልቅ ሌላው ተወዳዳሪ በተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ልግዛ ካለ ባለቤቱ እምቢ ማለት አይችልም፤ ጠያቂ ከበዛም ዕጣ ይጣላል። በየዓመቱ መዝጊያ የአቶ ታውኖን መኪና የሚጠይቁት አቶ ቬይኮ ነበሩ፤ ዕጣውም ይወጣላቸው ነበር። አቶ ታውኖ «ያ ሰውዬ ፈታትቶ ሊቀዳኝ ነው፤ ዕጣውም ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም» እያሉ፣ ኮፈኑን ከእሳቸው በቀር ማንም በማያውቀው አቋጠር በሽቦ አስረው ያስረክባሉ። አንድ ዓመትማ ቬይኮ ስሕተት እንዲቀዱ ብለው የኋላውን ሞላ ሆን ብለው አዛብተው ገጠሙና ራሳቸው በውድድሩ መጨረሻ ወጡ። በተከታዩ ዓመት የቬይኮ መኪና ቀጥ ብላ ስትሮጥ ጊዜ «ነቅቶብኛል» አሉ።

የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ አቶ ቬይኮ ሊጠይቋቸው በመጡ ቁጥር የጋራዡን ቁልፍ ከትራሳቸው ሥር ይደብቁ ነበር። ያረፉትም ቁልፉን ጨብጠው ነው።

በማግስቱ አቶ ቬይኮ ወይዘሮ ሄልሚን ወደ ድርቆሽ መጋዘናቸው ወሰዷቸው። የአቶ ታውኖ መኪኖች በሙሉ ተደርድረው ቆመዋል፤ የኮፈኖቹ ቋጠሮ እንዳለ ነው።

«አንዱንም አልከፈትከውም?» አሉ ሄልሚ።

«የከተማ ሰው ገዝቶ እንዳይቆራርጣቸው ብዬ ነው። ሲሠራቸው እኮ ማታ ማታ መዶሻው ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረው?»

«ብነግረውስ ያምነኝ ነበር?»

ሄልሚ አለቀሱ።

አቶ ታውኖ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ዕድሜ ልካቸውን የጠረጠሩትን ወዳጃቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን መጠርጠር በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አሁን ሣጥኑን በራስጌ በኩል የሚሸከሙት አቶ ቬይኮ ናቸው። አቶ ታውኖ ቢያዩ ኖሮ «ደግሞ ወዴት ሊወስደኝ ነው?» ማለታቸው አይቀርም ነበር።