ጥሩምባው ወንዝ አይሻገርም

(ሰኔ መግቢያ፣ ጠዋት፣ ሾላ በር ከተማ፤ ከንቲባዋ ወይዘሮ ስመኝ በእድር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ጥሩምባቸውን ከሚወለውሉት ከእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከጋሽ ቢተው ጋር ክርክር ይዘዋል።)

ቢተው፦ አልነፋም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። በአማርኛ ነው የነገርኩሽ።

ስመኝ፦ አንድ ዙር ብቻ፣ ጋሽ ቢተው። "ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ስብሰባ አለ፣ ወጣ ወጣ በሉ" ቢሉልኝ ምን ይጎድልብዎታል?

ቢተው፦ ይሄ ጥሩምባ ለሞተ ሰው ነው የሚነፋው። አንዴ እፍ ካልኩበት ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላዋን ዘቅዝቃ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለች ነው የምትወጣው። ወንድሟ አልጋ ከያዘ እንደሰነበተ ታውቂያለሽ። "የለም እመቤት፣ ስለ ከተማ እድገት ነው" ልበላት? በዘነዘና ነው የምታባርረኝ።

ስመኝ፦ ታዲያ ሰው በምን ልጥራ? በሞንታርቦ ብናስለፍፍ የሚሰማን ጠፋ። ባለፈው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው እኛው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ነን። እርስ በርሳችን ተወያይተን፣ እርስ በርሳችን አጨብጭበን ወጣን።

ቢተው፦ እሱማ የትኋን መድኃኒት ሻጩ መስሎን ነው። የእሱም መኪና እንደዚያው ነው የምትጮኸው። እኔ ራሴ ሚስቴን ጥላነሽን "ሮጥ በይና አስቁሚው፣ አልጋችን አላስተኛ ብሎናል" ብዬ ሰድጃት ነበር። ተመልሳ መጥታ "መድኃኒት አይደለም፣ አካታች እድገት ነው የሚሉት" አለችኝ።

ስመኝ፦ ይሳቁ፣ ይሳቁ።

ቢተው፦ ምን ሳቅኩ? ሚስቴ "አካታች ደግሞ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉን ባንድ ላይ የሚከት ነገር መሆን አለበት፣ እንደ ጆንያ፣ አልኳት። "ታዲያ አፉን የሚይዘው ማነው?" አለችኝና ወደ ጓዳዋ ገባች።

ስመኝ፦ ቃሉን እኔ አልፈጠርኩት፣ ከላይ የመጣ ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ከተማ ሲያድግ ማንም ተረስቶ ከደጅ አይቅር ነው።

ቢተው፦ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉት ማን ይጠላ ነበር።

ስመኝ፦ ይስሙኝማ። ዛሬ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። የዘንድሮ በጀት የሚበቃው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። የትኛው ይቅደም የሚለውን አዳራሹ ውስጥ የተገኘው ሕዝብ እጁን አውጥቶ ይወስናል። የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አደባባዩ ላይ ፏፏቴ፣ ወይም ወይቦ ወንዝ ላይ ድልድይ።

ቢተው፦ ፏፏቴ ስትይ?

ስመኝ፦ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ። ሲመሽ በመብራት ቀይና አረንጓዴ የሚሆን።

ቢተው፦ ቧንቧው ወደ ታች መትፋት ባቃተው ከተማ?

ስመኝ፦ የአደባባዩ ነጋዴዎች ናቸው የጠየቁት። እንግዳ ይስባል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳበታል፣ ገበያ ይደራል ይላሉ። ውሸታቸውንም አይደለም። ሁሉም ግልብጥ ብለው ይመጣሉ፤ ቲሸርት ሁሉ አሠርተዋል።

ቢተው፦ ድልድዩንስ?

ስመኝ፦ እንዴ፣ ለምን መወልወል አቆሙ?

ቢተው፦ ጥሩምባው ጠራ። ድልድዩን ማን ጠየቀ ነው የምልሽ።

ስመኝ፦ ማዶ ሰፈር ነዋ። በቁጥር ከነጋዴዎቹ ይበልጣሉ። ከመጡ ድልድዩ ያሸንፋል፤ ካልመጡ ፏፏቴው። ግን ከአንድ ቤት በቀር ስብሰባ መኖሩን እንኳ አልሰሙም።

ቢተው፦ ባለ ሞንታርቦዋ መኪና ለምን አልሄደችላቸውም?

ስመኝ፦ በምን ትሻገር? ድልድይ የለም።

ቢተው፦ ቆይ፣ ቆይ። ድልድይ እንዲሠራላቸው ለመጥራት መጀመሪያ ድልድይ ያስፈልጋል ነው የምትይኝ?

ስመኝ፦ ለዚህ ነው እግርዎ ሥር የወደቅኩት።

ቢተው፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። ማዶዎቹስ ልጠራ ብል የሚሰሙኝ ይመስልሻል? ለምን አንቺው ራስሽ ሄደሽ አትነግሪያቸውም?

ስመኝ፦ ትናንት ሄጄ ነበር።

ቢተው፦ በምን ተሻገርሽ?

ስመኝ፦ ጫማዬን አውልቄ ነዋ።

ቢተው፦ ከንቲባ በባዶ እግሯ?

ስመኝ፦ የረጠበው ቀሚሴ ነው፣ ከንቲባነቴ አልረጠበም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከማዘጋጃ ቤት ነው የመጣሁት ስል በር ሁሉ ተቀረቀረብኝ። ቤታቸውን ላፈርስ የመጣሁ ነው የመሰላቸው። አንዱ ከውስጥ ሆኖ "ባለቤቱ የለም" አለኝ። አንተ ማነህ ብለው፣ "እኔም የለሁም" አለኝ።

ቢተው፦ ጎበዝ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምልሽ።

ስመኝ፦ ከእርስዎ ግን አይሸሹም። ጥሩምባ የያዘ ሽማግሌ ቤት አያፈርስም።

ቢተው፦ ጥሩምባዬ ወንዝ አይሻገርም። የእድሩ ደንብ ነው። ወንዙ ዳር ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። ማዶ ያሉት አባል አይደሉም፣ የጨረቃ ቤት ናቸው። ሌሊት በጨረቃ ተሠርቶ ነገ በጠራራ ፀሐይ ለሚፈርስ ቤት እድር የለም ብለው ዳኛው ወስነዋል።

ስመኝ፦ ቅድም በእኔ ጆንያ ሲያሾፉ ነበር። የእድራችሁ ጆንያስ አፉ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው የታሰረው?

ቢተው፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች በይኛ።

ስመኝ፦ እኔ አላልኩም፣ እርስዎ ነዎት ያሉት።

ቢተው፦ አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሳለሽም ምላስሽ እንደዚሁ ነበር።

ስመኝ፦ አንዲት ብቻ ናት በሯን የከፈተችልኝ። የሻረግ።

ቢተው፦ የትኛዋ የሻረግ?

ስመኝ፦ ጋሽ ቢተው። የእርስዎ ልጅ ናታ። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረችው።

ቢተው፦ ውሃው የት ደርሷል?

ስመኝ፦ አሁን እስከ ጉልበት ነው። ሐምሌ ሲገባ እስከ ደረት ይደርሳል።

ቢተው፦ ከዚያም ያልፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስመኝ፦ ወሯ ገብቷል።

ቢተው፦ አውቃለሁ።

ስመኝ፦ ማን ነገረዎት?

ቢተው፦ ማንም። ጥላነሽ የገንፎ እህል ስታስፈጭ ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ቅቤው ከቤት ሲጎድልም አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ። "እህቴን ልጠይቅ" ብላ ትወጣና ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ትመለሳለች። ምነው ስላት ዝናብ ነው ትለኛለች። ከታች ወደ ላይ የሚዘንብ ዝናብ።

ስመኝ፦ እርስዎም ያምኗታል።

ቢተው፦ ትዳር እኮ እንዲህ ነው የሚከርመው።

ስመኝ፦ ምጧ ውሃው ሲሞላ ቢመጣስ? አምቡላንሱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው የሚቆመው። ልክ እንደ ጥሩምባዎ።

ቢተው፦ እሷን ነገር አትድገሚያት።

ስመኝ፦ እሺ፣ አልደግምም።

ቢተው፦ ገረመው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ክፉ ልጅ ነው አላልኩም። ቀን ሠራተኛ ነው፣ ያችን ያሠራትን ጎጆ ነገ መጥተው ያፈርሱበታል፣ ልጄን ምን ላይ ሊያሳርፋት ነው ብዬ መለስኳቸው። እሷ ግን ተከትላው ሄደች። እኔም ከዚያ ወዲህ ያንን ውሃ አልረገጥኩም።

ስመኝ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። የተቀየሙት ገረመውን፣ ያኮረፉት ወንዙን።

ቢተው፦ የምታፈርሱት እናንተ አይደላችሁም? እኔን ምን ትወቅሺኛለሽ?

ስመኝ፦ እውነትዎን ነው። አፍርሱ የሚለው ወረቀት በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፣ እኔም ሌላ ወረቀት እጭንበታለሁ። እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ መንግሥት ድልድይ የሠራለትን ሰፈር መልሶ የሚያፈርስ ሹም እስካሁን አላየሁም።

ቢተው፦ አሃ።

ስመኝ፦ ይህን አዳራሽ ውስጥ አልናገረውም። ለእርስዎ ብቻ ነው።

ቢተው፦ ለካ ጅሉ እኔ ነኝ። እኔ አንቺን ስለ ቀይና አረንጓዴ ውሃ የምትጨነቂ አድርጌ ነበር የማይሽ።

ስመኝ፦ ታዲያ ይነፉልኛል?

ቢተው፦ እሺ ልሂድ ብልስ፣ ድምፁን ሰምታ ብትደነግጥስ? ወሯ የገባ ሴት በጥሩምባ እንዲህ ድንገት... ጥሩ አይደለም። ሰፈሩም ማን ሞተ ብሎ ይተራመሳል።

ስመኝ፦ አይደነግጡም።

ቢተው፦ እንዴት አይደነግጡም? ጥሩምባ እኮ ነው።

ስመኝ፦ ማዶ ተነፍቶ አያውቅማ። ሰው ሲሞትባቸው የነፋላቸው የለም። ጥሩምባ ቢሰሙ ማን ሞተ አይሉም፣ ምን ሊሸጥ መጣ ነው የሚሉት።

ቢተው፦ አንድም ቀን?

ስመኝ፦ አንድም ቀን። በጥቅምት እናቱ ያረፉ ጊዜ እንኳ ገረመው ራሱ እየዞረ፣ በር እያንኳኳ ነው ቀባሪ የጠራው። ከሬሳው አጠገብ ተነስቶ።

ቢተው፦ የማን እናት?

ስመኝ፦ የገረመው።

ቢተው፦ ድንቄ? ድንቄ ሞታለች?

ስመኝ፦ አልሰሙም እንዴ?

ቢተው፦ በዚህ ከተማ ሰው ሲሞት የምናገር እኔ ነኝ። ለእኔ ማን ይንገረኝ?

ስመኝ፦ እኔ እኮ... እትዬ ጥላነሽ እስከ ሠልስት እዚያው ስለነበሩ፣ ሰምተው የቀሩ መስሎኝ ነው።

ቢተው፦ "እህቴን ጠንቶባታል፣ አድሬ ላስታማት" ብላኝ ነው የሄደችው። ስትመለስ ነጠላዋ ተዘቅዝቆ አየሁትና ምን ሆነሽ ብላት፣ ንፋስ ነው የገለበጠው አለችኝ።

ስመኝ፦ እርስዎም አመኗት።

ቢተው፦ አመንኳት። ወይ እኔ። የልጄ አማት ሞታ ለቅሶ ሳልደርስ። ያንጊዜ እኔ እዚህ ለሰው ሁሉ "እገሌ አርፏል፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ" እያልኩ እዞራለሁ። ያ ልጅ ምን ብሎኝ ይሆን?

ስመኝ፦ ምንም አላለም። ትናንት ስወጣ እንዲያውም "ጋሼ ደህና ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ቢተው፦ ጋሼ አለኝ?

ስመኝ፦ ጋሼ ነው ያለው። ደግሞ ለቅሶ ዘገየ አይባልም፣ ጋሽ ቢተው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ቢተው፦ ጥሩምባዬን የምጠቀልልበትን ያንን ብርቱካናማ ጨርቅ ከወንበሩ ላይ አቀብይኝ። አይ፣ ሌላኛውን፤ ይሄ መወልወያዬ ነው።

ስመኝ፦ ዳኛውስ? የእድር ንብረት ይዘህ ደንብ ሻርክ ብለው ጥሩምባውን ይቀሙዎታል። አልደብቅዎትም።

ቢተው፦ የትኛውን ደንብ? ጥሩምባ ለሞተ ሰው ይነፋል ነው ደንቡ። ድንቄ ሞታለች። ወንዝ መሻገሩን እንደሆነ እሳቸው ይምጡና እውሃው መሃል ቆመው ያስረዱኝ።

ስመኝ፦ ስብሰባውስ ታዲያ?

ቢተው፦ ለስብሰባ አልነፋም፣ በዚያ አንደራደርም። የምነፋው ለድንቄ ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ከወጣ በኋላ፣ እርሟን አውጥተን ስናበቃ፣ የሽማግሌ አፍ አያርፍም፣ ስለ ድልድይ አንዳንድ ነገር ላወራ እችላለሁ። ስለ ስምንት ሰዓትም።

ስመኝ፦ ጋሽዬ፣ ልምጣ? ድንጋዮቹ ያንሸራትታሉ፣ ልደግፍዎት።

ቢተው፦ የለም፣ እዚያ ስደርስ የሚደግፈኝ አማች አለኝ። አንቺ ቶሎ ወደ አዳራሽሽ ሂጂና ወንበር ጨምሪበት።