ካፒቴኑና ውሃ የማያውቀው መርከብ

በመርከበኞች ማሠልጠኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ጠዋት ደረጃ ስወጣ፣ ሠላሳ ዓመት መርከብ ያዘዙ ካፒቴን ከአንዲት አሠልጣኛችን ጋር ሲገጣጠሙ ደረስኩ። እሷ ድሮ በእሳቸው መርከብ ላይ ተለማማጅ መኮንን ነበረች።

«እንኳን ደህና መጡ ካፒቴን።»

«መጣሁ አይባልም፤ በደብዳቤ ተጠርቼ ነው። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜዬ ሲሙሌተር ላይ አቁመሽ ሥዕል ልታስነጂኝ ነው? እኔን ባሕሩ ራሱ አስተምሮኛል።»

«ባሕሩ ያስተማረዎትን አልነካም። ባሕሩ ግን የተሳሳተን ሰው እንደገና ሞክር አይልም።»

«እኔ አልሳሳትም።»

«እንግዲያው የሚባክንብዎት አንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

ትዕቢተኛ ናቸው ለማለት ይከብደኛል። በዘመናቸው አንድም መርከበኛ አልሞተባቸውም። ሙያቸው የተናቀ መስሏቸው ነው የተቆጡት።

ተከትያቸው ገባሁ። ሲሙሌተሩ ያለበት ክፍል ልክ እንደ መርከብ ማዘዣ ክፍል ነው፤ መሪ አለው፣ ራዳር አለው፤ በመስኮቶቹም ካፒቴኑ ዘወትር የሚገቡበት ወደብ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ይታያል። ስምንት ዓመት አብሯቸው የሠራው ምክትላቸው አጠገባቸው ቆመ። ጉም ወረደ። ካፒቴኑ እንደ ልማዳቸው ሲያዝዙ፣ የውሃው ግፊት መርከቧን ቀስ በቀስ ወደ ግራ ወሰዳት። ምክትሉ ራዳሩን አየ፤ ካፒቴኑን አየ፤ ዝም አለ። መርከቧ ከወደቡ ግንብ ጋር ተላተመች።

«ማሽኑ አጭበርብሯል» አሉ ካፒቴኑ።

አሠልጣኟ የተቀረጸውን አሳየቻቸው። በቀረጻው ላይ ምክትላቸው ከራዳሩ ወደ እሳቸው ሲመለከት አይተው ወደ እሱ ዞሩ።

«አይተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«በስምንት ዓመት አንድ ቀን ተናግሬ ነበር። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ከክፍሉ አስወጡኝ።»

«እውነተኛ መርከብ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያኔም እናገር እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ካፒቴኑ ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። አሠልጣኟ ማሽኑን ልታጠፋ ስትል እጃቸውን አነሱ። «ተይው። ከመነሻው ጀምሪ። አንተም ያየኸውን ሁሉ ተናገር።»

በሁለተኛው ሙከራ ምክትሉ ሦስት ጊዜ ተናገረ። አንዱን ተከራከሩት፤ ሁለቱን ተቀበሉ። መርከቧ በሰላም ገባች።

በማግሥቱ አንጋፋ ካፒቴኖች ሥልጠናውን አንቀበልም የሚል ደብዳቤ ይዘው፣ ካፒቴኑ እንዲፈርሙላቸው መጡ።

«አልፈርምም» አሏቸው።

«አንዲት ልጅ አሸነፈችህ ማለት ነው?»

«ማንም አላሸነፈኝም። መርከብ መንዳት እንደሆነ ዛሬም እችላለሁ። ሠራተኞቼ እንደሚፈሩኝ ግን አላውቅም ነበር። ያንን ማንም ሳይሞት፣ ዕቃ ሳይሰጥም፣ ትናንት አንድ ክፍል ውስጥ ቆሜ አወቅሁት። እናንተ የት ሆናችሁ ልታውቁት ነው ያሰባችሁት?»